እንዶዱ ይቆይ፣ ሽንት ቤቱ ይቅደም

ጥያቄ፦ የአሥራ አንድ ዓመት ልጄ በመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት ሳንጃ አያቱ ዘንድ ይሄዳል፤ ከወንዝ አይወጣም። አምና ብልሃርዚያ ተገኝቶበት መድኃኒት ዋጠ፤ ዘንድሮም ተገኘበት። መድኃኒቱ አይሠራም ማለት ነው? እናቴ ደግሞ ወንዙ ዳር ቅጠል ላይ የሚለጠፉትን ትናንሽ ቀንድ አውጣዎች በእንዶድ እንጨርሳቸው ትላለች። ምን ይሻላል?
ጥ. ነኝ፣ ከአዘዞ

መልስ፦ መድኃኒቱ ሠርቷል፤ ልጅዎ ግን ተመልሶ እዚያው ውኃ ገባ። ፕራዚኳንቴል ሰውነት ውስጥ ያሉትን የጎለመሱ ትሎች ይገድላል እንጂ እንደ ክትባት ለነገ አይከላከልም። ስለዚህ ዘንድሮም ሐኪሙ ያዘዘለትን ይዋጥ፤ ካልታከመ በሽታው ውሎ አድሮ ጉበት ይጎዳል።

እናትዎ ያዩት ብልሃርዚያን የሚያስተላልፈው፣ ባዮምፋላሪያ የሚባለው ወገን ሳይሆን አይቀርም። ቅርፊቱ እንደ ተጠቀለለ ገመድ ጠፍጣፋ ነው፤ ስፋቱም ከአውራ ጣት ጥፍር አይበልጥም። ቅርፊቱ ሾጠጥ ብሎ የሚወጣው፣ በደጋው ረግረግ ግጦሽ የሚገኘው ሊምኒያ ግን ሌላ ነው፤ እሱ የሚያስተላልፈው የበግና የከብት ጉበት ትልን ነው።

ባዮምፋላሪያ ሲፈለፈል ንጹሕ ነው፤ ጥገኛውን የምንሰጠው እኛ ነን። በሽታው ያለበት ሰው ወንዝ ዳር ሲጸዳዳ የትሉ እንቁላል ከሰገራው ጋር ውኃ ውስጥ ይገባል። የሚፈለፈለው ዕጭ በአንድ ቀን ገደማ ውስጥ ቀንድ አውጣ ካላገኘ ይሞታል። ካገኘ ግን ውስጡ ይባዛል፤ ከወር ገደማ በኋላ ከአንዱ ዕጭ ሺዎች ይወጣሉ። በብዛት የሚወጡት ረፋዱና ቀትር ላይ፣ ልክ ልጆች ለዋና በሚገቡበት ሰዓት ነው። ቆዳ ሰርስረው ለመግባት ደቂቃዎች ይበቋቸዋል።

የእናትዎ ሐሳብ ከመሬት የተነሣ አይደለም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ፤ ምርምራቸውም ከዚያ ተነሣ። ነገር ግን እንዶድ ዓሣም ይፈጃል፤ ወራጅ ውኃም ቶሎ ያጥበዋል። ባዮምፋላሪያ ደግሞ ወንድም ሴትም በመሆኑ አንዱ እንኳ ከተረፈ ብቻውን ይራባል። ስለዚህ በራሳችሁ ወንዝ ውስጥ አትጨምሩ። ያ ጉልበት አያቱ ግቢ ሽንት ቤት ቢቆፈርበት ይሻላል፤ እንቁላሉ ውኃ ካልደረሰ ቀንድ አውጣው ቢኖርም ጉዳት የለውም።

ልጁን ሳንጃ አይከልክሉት፤ ገላውን ግን ቤት ይታጠብ። የወንዙ ውኃ ይፍላ፤ አለበለዚያ ቀንድ አውጣ የሌለበት መሆኑን አይታችሁ በተከደነ ጀሪካን ሁለት ቀን ይቆይ፤ ዕጮቹ ያን ያህል አይቆዩም። ለመጠጥ ግን ማቆየቱ አይበቃም፤ መፍላት አለበት። ሾልኮ ወንዝ ከገባ ደግሞ በማግስቱ ለምርመራ አይሩጡ፤ ትሉ ጎልምሶ እንቁላል እስኪጥል ሳምንታት ስለሚወስድ ሰገራው ላይ አይታይም። ሕመም ከሌለው ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቆይተው ያስመርምሩት።