የቆርኪና የሻይ ሣጥን ሙዚቃ

ስለ አውስትራልያ «ቡሽ ባንድ» ያጠናሁትን ጥቂት ላካፍላችሁ እወዳለሁ። ቡሽ ሲባል እኛ የጠርሙስ ውታፍ ይመስለናል፤ በዚያ አገር ግን ከከተማ የራቀው ባላገር ነው። የበግ ሸላቾችና የከብት ነጂዎች ዘፈን በአብዛኛው በቃል ብቻ የተያዘ ስለ ነበረ፥ የሚያውቀው ሽማግሌ ሲሞት አብሮት ይቀበር ነበር።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1952 ዓ.ም. በሲድኒ ከተማ ቡሽዋከርስ የተባለ ባንድ ተቋቋመ። ከመሥራቾቹ አንዱ አቶ ጆን ሜሬዲት አኮርዲዮን ከመጫወታቸውም በላይ፥ የድምፅ መቅረጫ ይዘው በየሽማግሌዎቹ ቤት እየዞሩ ዘፈን ይቀዱ ነበር። ከተቀዱትም አንዷ ወይዘሮ ሳሊ ስሎን ናቸው፤ ድምፃቸው ዛሬ በአውስትራልያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። ባንዱ በ1957 ቢበተንም፥ በ1971 በሜልቦርን የላትሮብ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በዚያው ስም ሌላ ባንድ አቋቁመው፥ እርሱ ከ50 ዓመት በላይ ዘልቋል።

እኔን ይበልጥ የገረመኝ መሣሪያቸው ነው። ባሱ የተገለበጠ የሻይ ቅጠል ሣጥን፥ አንድ እንጨትና አንድ ሲባጎ ነው። እንጨቱን ወደ ውጭ ሲገፉት ሲባጎው ይወጠርና ድምፁ ይቀጥናል፤ ይህንኑ በፊዚክስ ተምረነዋል። ላገርፎን የሚባለው ደግሞ ቆርኪ የተቸነከረበት ረጅም ዱላ ነው፤ ስሙም ከቢራ ዓይነት የመጣ እንጂ የኛ «ላገር» አይደለም። መሬት ሲመቱት እንደ ጸናጽል ይንሿሿል።

እኔም በመጥረጊያ እንጨት አንድ ሠራሁ። ምስማሩን አጥብቄ ስለ መታሁት ቆርኪዎቹ ዝም አሉ፤ ጓደኞቼም ሳቁብኝ። ቀዳዳውን ባሰፋው ጊዜ ግን ጮኸ። አያቴም ሰምተው በልጅነታቸው ከብት ሲጠብቁ የዘፈኑትን ጀመሩልኝ። ሁለት ስንኝ ጻፍሁ፤ ሦስተኛው ጠፋቸው። እሑድ ደግሜ እጠይቃቸዋለሁ።