ማየትን እንማር፤ ከዚያ እናስተምር

ባለፈው ወሰነ ትምህርት ለማስተማር ልምምድ ወደ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት በሄድን ጊዜ የሆነውን ሳንደብቅ ብንነግራችሁ ለዛሬው ትምህርታችን መነሻ ይሆናል። የሦስተኛ ክፍል ልጆችን «ቤት ሣሉ» አልናቸው። በጥቁር ሰሌዳው ላይ የሣልንላቸው ባለ ቆርቆሮ ክዳንና ባለ ሁለት መስኮት ቤት ነበር። ልጆቹ ያንኑ ገለበጡ። አንድ ልጅ ብቻ ክብ የሣር ጎጆ፣ ከጎኑም ሁለት ፍየሎች ሣለ። እኛም «እንደ ሰሌዳው አድርገው እንጂ!» አልነው። ልጁ ምንም አልተናገረም፤ በላጲስ አጠፋና እንደ ጓደኞቹ ሣለ።

ጥፋታችን የገባን ማታ ነገሩን ስናወራው ነው። ልጁ የገዛ ቤቱን አስተውሎ ሣለ፤ እኛ ግን ማስተዋሉን እንደ ስሕተት ቆጠርንበት።

ታዲያ ይህ ለምን ሆነ? ክፋት ኖሮብን አይደለም። እኛው ራሳችን ማየትን ስላልለመድን ነው። ሥዕል ተሰጥዖ ላላቸው ሰዎች ብቻ የተሰጠ፣ አለዚያም ለቅዳሜ ከሰዓት የተተወ ነገር ይመስለናል። ነገር ግን ማየት የሚለመደው በየዕለቱ በአጠገባችን ባለው ነገር ነው።

ለምሳሌ ያህል መሶብን እንውሰድ። በአለላ የተሰፋው ጌጥ ዙሪያውን እኩል እየተደጋገመ ይሄዳል። ስፌት የምትሰፋዋ እናት ቀለም የምትለውጠው ቆጥራ ነው። የነጠላ ጥለትም እንዲሁ ነው። ይህን ያስተዋለ እጩ መምህር ስለ ክብና ስለ ክፍልፋይ ሲያስተምር ምሳሌ አይቸግረውም።

የቤተ ክርስቲያን ሥዕልም አለ። በቀድሞው የአሣሣል ልማድ ጻድቃን ሙሉ ፊታቸው ከሁለት ዓይናቸው ጋር ይታያል፤ ክፉዎች ግን በጎን በኩል በአንድ ዓይን ይሣላሉ። ፊደል ያልቆጠረ ምእመን እንኳ ማን ማን እንደሆነ ከሩቅ ይለያል። መርጃ መሣሪያ ስናዘጋጅ አንድ ግልጽ ምልክት ከብዙ ዝርዝር እንደሚበልጥ ከዚህ እንማራለን።

ከዘመናዊዎቹ ደግሞ የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ በአዲስ አበባ በአፍሪካ አዳራሽ የሠሩት የመስታወት ሥዕል አለ። 150 ካሬ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ይህ ሥራ በሦስት ክፍል የአፍሪካን ያለፈ፣ የአሁንና የወደፊት ሁኔታ ያሳያል። ሁላችንም ሄደን ባናየው ፎቶግራፉን ለጥፈን ልናየው እንችላለን። አንድ የታሪክ ትምህርት በሦስት ሥዕል እንዴት እንደሚጠቃለልም ያስተምረናል።

«ፈተና ደርሶ ሳለ ሥዕል ምን ያደርግልናል?» የሚሉ ጓደኞች አሉን። እውነት ነው፣ ጊዜው ጠባብ ነው። ግን እኮ መምህር ዕድሜውን የሚፈጀው ሰሌዳ ፊት ቆሞ ነው! የባቄላ አበቃቀልን ባቄላውን አብቅሎ፣ አይቶ የሣለና ከመጽሐፍ የገለበጠ መምህር እኩል አያስረዱም።

እንግዲህ የሚከተለውን እናድርግ እንላለን፦

1. በየሳምንቱ አንድ ሥዕል ወይም አንድ የእጅ ሥራ በመመገቢያ አዳራሹ በር አጠገብ ይቀመጥ። ከሥሩ ማብራሪያ ሳይሆን ጥያቄ ይጻፍ፦ «ምን ይታያችኋል? ምኑን አይታችሁ እንዲህ አላችሁ?» መምህራኖቻችንም ለምሳ ሲያልፉ ቆም ብለው ቢያወያዩን ደስ ይለናል።

2. እያንዳንዳችን በቀን 10 ደቂቃ አንድ ዕቃ እያየን እንሣል፤ ጫማ፣ ጀበና፣ ባልዲ፣ የተገኘውን። ማማር የለበትም። ቀለም የለም ማለትም ምክንያት አይሆንም፤ ከሰል አለ፣ ቀይ አፈር አለ፣ የተጻፈበት ወረቀት ጀርባ አለ።

3. የልጅን ሥዕል ከማረማችን በፊት «እስቲ ይህ ምንድን ነው? ንገረኝ» እንበል።

ያ ልጅ ያጠፋውን ጎጆ ልንመልስለት አንችልም። በሚቀጥለው ልምምድ ግን ሌላ ልጅ የገዛ ቤቱን ሲሥል ዝም ብለን የምናየው፣ ከዚያም ስለ ፍየሎቹ የምንጠይቀው እንሁን።

መልመጃ፦ በየቀኑ የምትገቡበትን የመኝታ ቤታችሁን በር ሳታዩ ሣሉ። ከዚያ ሄዳችሁ አስተያዩ። ምን ረሳችሁ? ሁለቱንም ሥዕሎች አምጡልን፤ የእኛን ጨምረን ከዚሁ ጋዜጣ ጎን እንለጥፋቸዋለን።