ታራሚ እሳት ተከላካዮችና ዳግም ውህደት፦ የካሊፎርኒያ ሕግ ቁጥር 2147 ሲመረመር

እ.ኤ.አ. በ2020 በካሊፎርኒያ ከ4 ሚሊዮን ኤከር በላይ መሬት በሰደድ እሳት ተቃጥሏል። እሳቱ ገና ባልጠፋበት በሴፕቴምበር 11 ቀን የግዛቱ ገዥ ጋቪን ኒውሰም፣ የምክር ቤት አባል ኤሎይስ ጎሜዝ ሬየስ ያቀረቡትን ረቂቅ ሕግ ቁጥር 2147 ፈረሙ። ሕጉ በእስር ላይ ሳሉ እሳት በመከላከል ያገለገሉ ሰዎች ከተፈቱ በኋላ የጥፋተኝነት ውሳኔያቸው እንዲሰረዝላቸው ለፍርድ ቤት አቤት እንዲሉ ይፈቅዳል። የማረሚያ ቤት አስተዳደር፣ የተፈቱ ሰዎች ዳግም ውህደትና የአደጋ ጊዜ ምላሽ በአንድ ድንጋጌ የተገናኙበት ሕግ ነው። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ፣ ሕጉ መብቱን ለሚገባቸው ሰዎች ቢሰጥም፣ መንግሥት ራሱ በመዝገቡ የያዘውን እውነት ይዞ ደጅ የመጥናቱን ሸክም በተፈታው ሰው ላይ ጥሏል የሚል ነው።

ታራሚዎችን ለእሳት መከላከል ማሰማራት ከ1940ዎቹ ጀምሮ የቆየ አሠራር ነው። ካምፖቹን የማረሚያና ተሐድሶ መምሪያው ከግዛቱ የደንና እሳት መከላከል መምሪያና ከሎስ አንጀለስ ካውንቲ የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤት ጋር በጋራ ያስተዳድራል። ታራሚዎቹ በፈቃደኝነት የሚመለመሉ፣ ዝቅተኛ ጥበቃ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች ናቸው፤ ቤት በማቃጠል ወይም በወሲብ ወንጀል የተቀጣ አይገባም። ሥራቸው በመጋዝ፣ በመጥረቢያና በአካፋ ቁጥቋጦውን መንጥሮ እሳቱ የሚበላው ነገር እንዲያጣ ማድረግ ነው። ሕጉ በወጣበት ወቅት የቀን ክፍያቸው ከ2.90 እስከ 5.12 ዶላር ሲሆን፣ እሳት ላይ በተሰማሩ ጊዜ በሰዓት 1 ዶላር ይታከል ነበር። ዋናው ማበረታቻ ግን ገንዘቡ ሳይሆን የእስራት ዘመን ቅናሹ ነው፤ በአብዛኛው ለአንድ ቀን አገልግሎት የሁለት ቀን ቅናሽ ይታሰባል።

ግዛቱ በዚህ ጉልበት ላይ ምን ያህል እንደተደገፈ የሚያሳየው የ2014 ክርክር ነው። በማረሚያ ቤቶች መጨናነቅ ሳቢያ የታራሚ ቁጥር እንዲቀንስ በታዘዘበት የፌዴራል ክስ፣ የግዛቱ ጠበቆች የሁለት ለአንድ ቅናሹ ለሌሎች ዝቅተኛ ጥበቃ ታራሚዎችም ከተዳረሰ ወደ እሳት ካምፕ የሚሄድ ሰው ይጠፋል ሲሉ ተከራከሩ። ሰውን በእስር የማቆየት ምክንያት ከቅጣት ዓላማ ወጥቶ ወደ ሠራተኛ ፍላጎት ሲሸጋገር በግልጽ የታየበት አጋጣሚ ይመስለኛል። እንዲህ የተፈለገ እጅ በተፈታ ማግስት የማይፈለግ መሆኑ ነው ሕግ ቁጥር 2147ን የወለደው።

እንቅፋቱ በቴክኒክ ዝርዝር ውስጥ የተሸሸገ ነው። ብዙ የከተማ እሳት አደጋ መሥሪያ ቤቶች ሰው ሲቀጥሩ የድንገተኛ ሕክምና ባለሙያነት ፈቃድ ይጠይቃሉ። በግዛቱ ደንብ መሠረት ግን በከባድ ወንጀል የተቀጣ ሰው ከተፈታ 10 ዓመት ሳይሞላው፣ ሁለት ከባድ ወንጀሎች ያሉበት ደግሞ ፈጽሞ፣ ፈቃዱን አያገኝም። አዲሱ ሕግ ይህን ደንብ አልሻረም፤ ዞሮ ማለፍን መረጠ። ፍርድ ቤቱ አቤቱታውን ከተቀበለ የጥፋተኝነት ውሳኔው ይነሣል፤ ክሱም ይዘጋል። አመልካቹ ከመምህርነት፣ ከፖሊስነትና ከጥቂት ሌሎች ዘርፎች በቀር ፈቃድ ሲጠይቅ ቅጣቱን የመግለጽ ግዴታ አይኖርበትም። አቤቱታውን ለማቅረብ የአመክሮ ጊዜው እስኪያልቅ መጠበቅም የለበትም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የአገራችን የወንጀል ሕግ «መሰየም» የሚለው ሥርዓት በዓላማው ይቀርበዋል፤ ልዩነቱ የእኛው ቅጣቱ ከተፈጸመ በኋላ የተወሰኑ ዓመታት እንዲያልፉ መጠየቁ ነው።

ሆኖም አመልካቹ ሦስት ጊዜ ይጣራል። በመጀመሪያ መምሪያው መዝኖት ግንብ በሌለበት ካምፕ መጋዝ አስይዞታል። ቀጥሎ ሕጉ ነፍስ ግድያን፣ ጠለፋን፣ አስገድዶ መድፈርን፣ ቤት ማቃጠልንና በዕድሜ ልክ የሚያስቀጡ ወንጀሎችን ከተጠቃሚነት አስወጥቷል። ሁለቱን ያለፈ ሰው በመጨረሻ በዳኛው ፈቃደ ሥልጣን ሥር ይወድቃል፤ ዐቃቤ ሕግም 15 ቀን አስቀድሞ ተነግሮት መቃወም ይችላል። ዳኛው ጉዳዩን በተናጠል መመልከቱ ጥበቃ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን አቤቱታ ለመጻፍ ጠበቃ ወይም ጊዜ፣ ቢያንስ መብቱ መኖሩን ማወቅ ያስፈልጋል፤ አዲስ የተፈታ ሰው ደግሞ በመጀመሪያ የሚፈልገው ማደሪያና ሥራ ነው።

ሌላ መንገድ እንዳለ ያሳየው ካሊፎርኒያ ራሱ ነው። በ2019 የወጣው ሕግ ቁጥር 1076 የግዛቱ ፍትሕ መምሪያ መዝገቦቹን በየወሩ መርምሮ፣ መስፈርቱን ላሟሉ ሰዎች ያለ አቤቱታ እፎይታ እንዲሰጥ ያዛል። የታራሚ እሳት ተከላካዩ ማስረጃ ደግሞ ከየትኛውም ይልቅ ቅርብ ነው፤ በካምፑ በሚገባ ማገልገሉን የሚያረጋግጠው የማረሚያ መምሪያው ነውና።

በጃንዋሪ 2025 በሎስ አንጀለስ በተነሣው እሳት ከ1,000 በላይ ታራሚዎች ተሰማርተዋል። በዚያው ዓመት የወጣው ሕግ ቁጥር 247 እሳት ላይ በተሰማሩበት ሰዓት ክፍያቸውን ወደ 7.25 ዶላር አሳድጓል። ክፍያው የእስሩን ዘመን ይመለከታል፤ ከእስር በኋላ ላለው ግን ማሻሻያው ቀላል ሊሆን ይችል ነበር። መምሪያው የአገልግሎት ማረጋገጫውን በመፍቻው ቀን በቀጥታ ለፍርድ ቤት ይልካል፤ ዐቃቤ ሕግ በተወሰነ ቀን ውስጥ ካልተቃወመ ውሳኔው ይሰረዛል፤ ዳኛው ችሎት የሚሰየመው ተቃውሞ ሲቀርብ ብቻ ይሆናል።