ዶሮዋ የቤት፣ በሽታዋ የሰፈር

የልማት ዘገባ አጻጻፍ ስንለማመድ ደጋግሞ የሚያጋጥመን ዓረፍተ ነገር አለ፤ “በወረዳው ይህን ያህል ሺህ ጫጩት ለአርሶ አደሮች ተሰራጨ” የሚል። ዓረፍተ ነገሩ ውሸት የለበትም። ከሦስት ወር በኋላ ከእነዚያ ጫጩቶች ስንቱ በሕይወት እንዳለ ግን አይነግረንም፤ እኛም አንጠይቅም። በዚህ ጽሑፍ ባቲን ምሳሌ አድርጌ የጓሮ ዶሮ እርባታ እንዴት እንደሚሠራ፣ በተለይም ለምን አንድ ቤት ብቻውን ሊወጣው የማይችለው ሥራ እንደሆነ ለማስረዳት እሞክራለሁ። ጋዜጠኛ ነገርዬውን ካላወቀ ጥያቄው ከየት ይመጣል?

ባቲ ሲባል ለአብዛኞቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን የሙዚቃው ቅኝት ነው። ለአካባቢው ሰው ግን ባቲ ማለት ሰኞ ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ሚሌ በሚወስደው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን የምናገኛት ይህች የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ከተማ በሰኞ ገበያዋ አፋሩን፣ ኦሮሞውንና አማራውን ታገናኛለች። ፎቶ አንሺ ሁሉ የሚሮጠው ወደ ግመሉ ነው። ዶሮ ተራውን ዞር ብሎ የሚያየው የለም። እዚያ ሁለት ሦስት ዶሮ እግራቸውን አስረው፣ እንቁላል በጭድ መሐል ደርድረው የመጡ እናቶችና ልጃገረዶች ቁጭ ብለዋል። የዶሮዋ ዋጋ ወዲያው ዘይት፣ ሳሙና፣ ደብተር ይሆናል። ፍየል ለመሸጥ ባልና ሚስት ይመካከራሉ፤ ዶሮን ግን ሴትየዋ ራሷ ይዛ ወጥታ፣ ሽጣ፣ የጎደለውን ሞልታ ትገባለች። ፈቃድ የምትጠይቀው ሰው የለም። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ አካባቢውን ከነካ በኋላ ከባዶ ለጀመረ ቤት ደግሞ በትንሽ ገንዘብ ሊገዛ የሚችለው ነፍስ ያለው ሀብት ዶሮ ነው።

በነገራችን ላይ በወሎ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ብዙ ነገር ተጋርቶ ይኖራል፤ ሥጋ ላይ ሲደርስ ግን እያንዳንዱ የራሱን እርድ ነው የሚበላው። እንቁላል አይታረድም። ስለዚህ ከሙስሊሟ ጓሮ ወጥቶ ያለ ችግር ክርስቲያኗ ማጀት ይገባል። ገበያውም የሁለቱንም ቀን መቁጠሪያ ይከተላል። በዐቢይ ጾም ክርስቲያኑ ዶሮም እንቁላልም ስለማይበላ ዋጋው ይቀዘቅዛል፣ ፋሲካ ሲቃረብ ይሰቀላል። ይህን የሚያውቅ ሰው አውራ ዶሮዎቹን ለዚያ ሳምንት ያቆያል። ማቆየቱ ግን አደጋ አለው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። የሀበሻ ዶሮ በአንድ ዙር ከ12 እስከ 15 እንቁላል ትጥልና ትታቀፋለች። በ21 ቀን ትፈለፍላለች፤ ከዚያ ጫጩቶቿን እየመራች ትከርማለች። በዚህ ምክንያት የዓመት እንቁላሏ ከ40 እስከ 60 ያህል ብቻ ነው። ሰነፍ ሆና አይደለም፣ እናት ሆና ነው። እንቁላል ብቻ ሲፈለግ ባለቤቷ ከመታቀፍ ታስተዋታለች፤ ቁልቁል ትሰቅላታለች፣ ውሃ ትነክራታለች፣ ወይም ለጥቂት ቀን ጎረቤት ቤት ታስቀምጣታለች። ጫጩት ሲፈለግ ደግሞ የሚመረጠው በጋው ነው፤ በክረምት ብርዱም በሽታውም ይበረታል። እንዲያም ሆኖ በአገራችን የተደረጉ ጥናቶች ደጋግመው እንደሚያሳዩት ከተፈለፈሉት ጫጩቶች ግማሽ ያህሉ ሁለት ወር ሳይሞላቸው ያልቃሉ። ጭልፊት አለ፣ ሸለምጥማጥ አለ፣ ብርድ አለ፣ በሽታ አለ። አሥር ተፈልፍሎ አምስት ካደገ ጥሩ ዓመት ነው።

ለዚህ መፍትሔ ተብሎ የሚቀርበው ብዙ ጊዜ የተሻሻለ ዝርያ ነው። ቦቫንስ ብራውን የሚባለው ዓይነት በቂ መኖና እንክብካቤ ካገኘ በዓመት 300 ያህል እንቁላል ይጥላል። ሳሶና ኮኮክ ደግሞ ለእንቁላልም ለሥጋም ይሆናሉ። የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር በኅዳር 2015 ዓ.ም. አርባ ምንጭ ላይ ይፋ ከሆነ ወዲህ የእነዚህ ዝርያዎች ስም በዜናችን በዝቷል። እኔ አልቃወማቸውም። ነገር ግን የማዕከላዊ ስታትስቲክስ ኤጀንሲ በ2013 ዓ.ም. ባወጣው ግምት በአገሪቱ ከነበሩት 57 ሚሊዮን ያህል ዶሮዎች ከአራቱ ሦስት እጅ በላይ የሀበሻ ናቸው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። የተሻሻለችው ዶሮ ፉርሽካ፣ በቆሎና ፋጉሎ በገንዘብ ተገዝቶ ይቀርብላታል። ለእንቁላል ተብላ የተዳቀለችው አትታቀፍም፤ ስትሞት ምትኳ እንደገና በብር ነው። የሀበሻዋ ከአውድማ የወደቀ ማሽላና ትል ለቅማ ትኖራለች፣ ራሷን ትተካለች።

ሁለቱንም ሳይመርጥ የሚገድለው ግን ፈንግል ነው። ስሙ እንኳ ፈንግሎ መጣልን ያስታውሳል። በቫይረስ የሚመጣ ስለሆነ መድኃኒት የለውም፤ ዶሮዋ አረንጓዴ ተቅማጥ ታሳያለች፣ ትንፋሽ ያጥራታል፣ ክንፏን ትጥላለች፣ አንዳንዴም አንገቷ ይጠመዘዛል። ያልተከተበ መንጋ ውስጥ ከገባ አብዛኛውን ጠርጎ ይሄዳል። ባቲ ዳር ላይ ያነጋገርኳቸው አንዲት እናት “ልጄ፣ ማታ ቆጥ ላይ ዘጠኝ ቆጥሬ ነው የተኛሁ። ሳምንት ሳይሞላ ሁለት ቀሩኝ” አሉኝ። ሁለቱን ምን እንዳደረጓቸው ስጠይቃቸው ፈገግ አሉ። “ሰኞ ሸጥኳቸው። ምን ላድርግ፣ ከሚሞቱብኝ!”

እኔ በእርሳቸው ቦታ ብሆን ሌላ ነገር አደርግ ነበር ለማለት አልደፍርም። ችግሩ የተቋጠረው ግን እዚህ ላይ ነው። ሰኞ ገበያ የገቡት ሁለት ዶሮዎች በሽታውን ከሌላ ቀበሌ ለመጡት ያጋባሉ። ገዢው አዲሷን ዶሮ ለብቻ ሳያቆይ በቀጥታ ከመንጋው ይቀላቅላታል። ያልተሸጠችውም ማታ ወደ ቤቷ ስትመለስ ከገበያ የያዘችውን ይዛ ነው። ለበዓል ተብለው የቆዩት ዶሮዎች በአንድ ሳምንት ገበያ ሲታጨቁ ደግሞ ነገሩ ይባባሳል። የዶሮዋ ባለቤት አንድ ሰው ነው፤ ዶሮዋ የምትጭረው መሬት ግን የሁሉም ነው።

ክትባቱ አለ። ቢሾፍቱ የሚገኘው ናሽናል ቬተርናሪ ኢንስቲትዩት ያመርተዋል። ለገጠር በጣም የሚስማማው አይ-2 የሚባለው ዓይነት ነው። አውስትራሊያ ውስጥ በኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ሲሆን ሙቀትን ከሌሎቹ ይልቅ ይቋቋማል፤ እንደ ባቲ ላለ ሞቃት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አሰጣጡ ቀላል ነው፤ ለትልቋም ለጫጩቷም ዓይን ውስጥ አንዲት ጠብታ። በየሦስት አራት ወሩ ይደገማል። የታመመችን አያድንም፣ መከላከያው እስኪያድግም ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ መሰጠት ያለበት ወሬው ከተሰማ በኋላ ሳይሆን ከክረምቱና ከበዓሉ ቀደም ብሎ ነው።

ታዲያ ምን ያግዳል? እኔ እንደማየው አንዱ እንቅፋት ጠርሙሱ ነው። አንዱ ብዙውን ጊዜ ለመቶ ዶሮ ወይም ከዚያ በላይ ይሆናል፤ አንዴ ከተበጠበጠ ደግሞ ለሌላ ቀን አይቀመጥም። ሰባት ዶሮ ያላት እናት ለመቶ የሚሆን ጠርሙስ ከፍታ ምን ታደርገዋለች? አሥራ አራት ቤት መስማማት አለበት። ዶሮዎቹም ከቆጥ ሳይወርዱ፣ ሳይነጋ መያዝ አለባቸው። በሞዛምቢክና በታንዛኒያ መንደሮች ይህን ሥራ ከመንደሩ የተመረጡ፣ ብዙዎቹ ሴቶች የሆኑ ከታቢዎች ሠልጥነው በየዶሮው ትንሽ ሳንቲም እየተከፈላቸው ሠርተውታል። እኛ ዘንድ ሰው የሚያሰባስብ ነገር ሞልቷል፤ ዕድሩ አለ፣ የጧት ቡናው አለ። ዶሮ ግን ለዕድር አጀንዳ የምትበቃ ሆና አትታይም።

ለዚህም ነው ዜና ስንሠራ ጥያቄያችን መለወጥ አለበት የምለው። ስንት ጫጩት ታደለ ከማለት ጋር፣ ከመታደሉ በፊት ተከትቧል ወይ? ቀጣዩን ዙር ማን ይሰጣል? የጎረቤት ዶሮዎችስ ተከተቡ? መልሱን ከጽሕፈት ቤት ብቻ ሳይሆን ከቆጡ ሥር መስማት ያስፈልጋል።

እኚያን እናት ስለ ጠርሙሱ ነግሬያቸው ነበር። በጣታቸው የጎረቤቶቻቸውን ቤት መቁጠር ጀመሩ፤ አሥራ ሦስት ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ከአሥራ አራተኛዋ ጋር በድንበር ምክንያት ከተኳረፉ ቆይተዋል። እኛ ስናወራ የዚያችው ጎረቤት ገብስማ ዶሮ አጥሩን ሾልካ መጥታ እግራቸው ሥር ትጭር ነበር።