በሸማቾች ሱቅ ውስጥ አሠሪው ማን ነው?

ከአራት ኪሎ ወደ አምስት ኪሎ ስንወጣ የምናገኛቸው ሠራተኞች ሁሉ ወር ጠብቀው ደመወዝ ይቀበላሉ፤ ሕጉ ግን በአንድ ዓይን አያያቸውም። በአምስት ኪሎው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚያስተምረው መምህር የመንግሥት ሠራተኛ ስለሆነ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ አይመለከተውም። በሸማቾች ማኅበር ሱቅ ተቀጥራ ስኳር የምትመዝነውን ሻጭ ግን ይመለከታታል። የዛሬው ትምህርት ስለ እሷ ነው።

መጀመሪያ ሦስት ነገሮችን እንለይ። የኅብረት ሥራ ማኅበር የባለቤቶች ነው፤ አባሉ ዕጣ ይገዛል፣ በጠቅላላ ጉባኤ አንድ ድምፅ ይሰጣል፣ ትርፍ ይካፈላል። ሠራተኛ ማኅበር የተቀጣሪዎች ነው፤ ከአሠሪው ጋር የኅብረት ስምምነት ይዋዋላል። የሙያ ማኅበር ደግሞ የሙያውን ደረጃና ሥነ ምግባር ይጠብቃል።

አስቸጋሪው ነጥብ እዚህ ላይ ነው። ሻጯ የዚያው ሸማቾች ማኅበር አባል ልትሆን ትችላለች። ጉባኤ ላይ እጇን ስታወጣ ባለቤት ናት፤ ጠዋት ሱቁን ስትከፍት ተቀጣሪ ናት። «የራሳችን ማኅበር ነው፤ በራሳችን ላይ ሌላ ማኅበር ለምን?» የሚሉ ቅን ሰዎች አሉ። ጥያቄው መልስ ይገባዋል። ዕቃ ሊገዛ የሚመጣው አባል የሚፈልገው ርካሽ ዋጋና የዓመት ትርፍ ነው፤ የሻጯ ደመወዝ በእሱ መዝገብ ወጪ ሆኖ ይጻፋል። ማንም ክፉ ሳይሆን ጥቅማቸው ይለያያል። በጉባኤው የእሷ ድምፅ አንድ ነው፣ የገዢዎቹ ብዙ።

እንግሊዞች ይህን ቀድመው አይተውታል። በ1844 እ.ኤ.አ. በሮችዴል ሱቅ ያቋቋሙት ራሳቸው ድሃ ሸማኔዎችና የእጅ ባለሙያዎች ነበሩ። ሃምሳ ዓመት ሳይሞላ፣ በ1891፣ የኅብረት ሥራ ሱቆች ተቀጣሪዎች በማንቸስተር ተደራጁ። ማኅበራቸው በ1921 ከመጋዘን ሠራተኞች ጋር ተዋሐደ፤ በ1947 ደግሞ ዛሬ ድረስ ያለው የሱቅ ሠራተኞች ማኅበር አካል ሆነ። ሱቁን የመሠረተው ሠራተኛ መሆኑ የሻጩን ጥያቄ አላስቀረም።

በእኛ አገር ሁለቱ መንገዶች ጎን ለጎን ሄዱ እንጂ እምብዛም አልተገናኙም። የድሬዳዋ የምድር ባቡርና የወንጂ ስኳር ሠራተኞች ከታገሉ በኋላ ድንጋጌ ቁጥር 49/1954 ወጣ፤ በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ተመሠረተ፤ አዋጅ ቁጥር 210/1956 ተከተለ። የኅብረት ሥራ ሕጉ ደግሞ በዚያው ዘመን ለብቻው፣ ገበሬውን በማሰብ ተጻፈ። ደርግ ሲመጣ አንድነት ማኅበሩ ፈረሰና በ1969 የመላው ኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበር ተተካ። በየቀበሌው ሱቅ ተከፈተ፤ ሻጮችም በዙ። ግን ሱቁም ሠራተኛ ማኅበሩም መመሪያ የሚቀበሉት ከአንድ መንግሥት ስለነበር ሻጩ አቤት የሚልበት ሁለተኛ በር አልነበረውም። እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ ትልቁ ጉዳት ይህ ይመስለኛል፤ ልማዱ ከሕጉ ይልቅ ዕድሜ አግኝቷል።

ሕጉማ ከአዋጅ ቁጥር 42/1985 ጀምሮ በሩን ከፍቷል። አሁን በሚሠራበት አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ባሉበት ድርጅት ማኅበር ማቋቋም ይቻላል፤ አባላቱ ከአሥር እንዳያንሱ ብቻ። ሻጭ፣ ገንዘብ ያዥና ጥበቃ ሦስት ሆነው ለሚሠሩበት ሱቅም መንገድ አለ፦ ከአሥር ሠራተኛ በታች ያላቸው ድርጅቶች ሠራተኞች ተሰባስበው ጠቅላላ ማኅበር ይመሠርታሉ። የማኅበር አባል መሆን ከሥራ ለማሰናበት ምክንያት አይሆንም።

ሥራ አስኪያጁስ? እሱ የሥራ መሪ ስለሆነ ይህ አዋጅ አይሸፍነውም። ሻጯን ወክሎም አይደራደርም፤ በድርድሩ ጠረጴዛ የሚቀመጠው ከሸማቾች ማኅበሩ ሥራ አመራር ኮሚቴ ጎን ነው። ለእሱ የሚስማማው የሙያ ማኅበር ነው፤ እንግሊዝ አገርም የኅብረት ሥራ ኃላፊዎች ከሻጮቹ ተለይተው የራሳቸውን ማኅበር መሥርተው ነበር። እዚህ ግን ብዙ ጊዜ «ሁላችንም አንድ ቤተሰብ ነን» ተብሎ አንድ ስብሰባ ይጠራል፤ ሻጯም በአለቃዋ ፊት ስለ ደመወዟ ትጠየቃለች።