ጫማ ለእርሻም ነው

ዝሆኔ በሚበዛባቸው እንደ ወላይታና ምሥራቅ ጎጃም ባሉ አገሮች ብዙ ገበሬ ጫማውን የሚያደርገው ለገበያና ለጸሎት ቀን ነው። ወደ እርሻ ሲወርድ በባዶ እግሩ ነው። በሽታው የሚያገኘው ግን እዚያው እርሻው ላይ ነው።

ይህ የእግር እብጠት እርግማን አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። መነሻው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘው ቀይ አፈር ነው። የአፈሩ ረቂቅ ብናኝ በእግር ቆዳ ገብቶ የሰውነት ፈሳሽ የሚመላለስባቸውን ቀጫጭን ቧንቧዎች ይጎዳል። ፈሳሹ መተላለፊያ ሲያጣ እግር ያብጣል። ዶክተር ኧርነስት ፕራይስ በኢትዮጵያ ባደረጉት ምርምር የአፈሩን ነገር ገልጠው አሳይተዋል። በአንድ መንደር አንዱ ታሞ ሌላው የሚተርፈው በዘር የሚወረስ ተጋላጭነት ስላለ ነው። ስለዚህ ወላጁ የታመመበት ልጅ ከሁሉ አስቀድሞ ጫማ ያስፈልገዋል። በቆላ አገር በትንኝ ንክሻ የሚመጣ ዝሆኔም ስላለ ሐኪም ይለየው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

1. በየቀኑ እግርን በንጹሕ ውኃና በሳሙና መታጠብ፤ በጣቶች መካከል ጭምር በሚገባ ማድረቅ፤ ቆዳው እንዳይሰነጠቅ ቫዝሊን መቀባት።

2. ካልሲና እግርን የሚሸፍን ጫማ በሥራም ጊዜ ማድረግ። ክፍት ጫማ አፈር ያስገባል።

3. ሲቀመጡና ሲተኙ እግርን ከፍ ማድረግ፤ ቁርጭምጭሚትንና ጣቶችን ማንቀሳቀስ።

4. እግሩ ቢግልና ቢያም፣ ትኩሳትም ቢመጣ ማረፍና ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ። በምላጭ ማስበጣት ለቁስልና ለመመረዝ በር ይከፍታልና አይደረግ።

ነገሩ ቀላል ቢመስልም ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ በምሥራቅ ጎጃም የተደረገ ጥናት፣ ይህን የመሰለ የእግር እንክብካቤ የተማሩ ሕሙማን በሽታው የሚነሣባቸው ጊዜ መቀነሱ ታይቷል። እብጠቱ ገና ለስላሳ ሳለ የጀመረ ሰው ይበልጥ ይጠቀማል፤ የቆየውም ቢሆን ሕመሙ ይቀልለታል።

ብዙ ሕሙማን ግን ሰው እንዳይሸሻቸው እግራቸውን ደብቀው በቤት ይቀራሉ፤ እርዳታውም ሳይደርሳቸው ይዘገያል። ስለዚህ በጉባኤ ከጎናችን እናስቀምጣቸው። የፕሮጀክት ሠራተኞችም እሑድ በቤተ ክርስቲያን በር ጫማ ያደረገውን አይተን «ደኅና ነው» ብለን አንለፍ። ማክሰኞ እርሻው ላይ ምን አድርጎ እንደሚውል እንጠይቀው።