በወረርሽኝ ወቅት የጤና አገልግሎትን ለሁሉም በእኩልነት ማዳረስ

የኮሮና ቫይረስ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ መገኘቱ ከተገለጸ በኋላ በየመሥሪያ ቤቱና በየጤና ጣቢያው ደጃፍ በእግር እየተረገጡ ውኃ የሚያፈስሱ የእጅ መታጠቢያዎች ተተክለዋል። የእጅ ንክኪን የሚያስቀሩ በመሆናቸው መልካም ፈጠራ ናቸው። እግሩን ማዘዝ ለማይችል ሰው ግን መታጠቢያው እንዳልተተከለ ይቆጠራል። ይህን ሰው ማንም አልከለከለውም፤ ሆኖም እጁን ሳይታጠብ ይገባል፣ ወይም ሳይገለገል ይመለሳል።

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ዜጎች ሁሉ በመንግሥት ገንዘብ በሚካሄዱ ማኅበራዊ አገልግሎቶች በእኩልነት የመጠቀም መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ለሁሉም አንድ ዓይነት ነገር ማቅረብ ይህን መብት ሁልጊዜ አያሟላም። በወረርሽኝ ጊዜ ደግሞ ጉዳቱ በተዘለለው ሰው ላይ ብቻ አይቀርም፤ መረጃ ያልደረሰበት ቤት በሽታው ወደ ጎረቤት የሚሻገርበት በር ይሆናል።

ከሁሉ ይልቅ የሚዘነጉት መስማት የተሳናቸው ሰዎች ናቸው። የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ በሽታን ይከላከላል፤ ነገር ግን ከንፈርንና አብዛኛውን ፊት ይሸፍናል። በምልክት ቋንቋ ደግሞ የፊት እንቅስቃሴ የመልእክቱ አንድ ክፍል ነው፤ ከንፈር አይቶ ለሚረዳ ሰውም ከተሸፈነ አፍ የሚገኝ ነገር የለም። በ8335 ወይም በ952 ደውሎ መጠየቅም ለእነዚህ ሰዎች አይሆንም። ስለዚህ በጤና ተቋማት አፍን የሚያሳይ መሸፈኛ፣ ካልተገኘም ወረቀትና እርሳስ ሊዘጋጅ ይገባል። ማንበብና መጻፍ ላልተማረ ሰው ግን ወረቀት መፍትሔ ስላልሆነ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ የሚገኝበትን መንገድ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። ልጅን ለወላጁ አስተርጓሚ ማድረግ የተለመደ ቢሆንም አይመከርም፤ ታካሚው በልጁ ፊት የማይናገረው ሕመም ይኖረዋልና።

ዓይነ ስውራን የሚያጋጥማቸው ችግር ሌላ ነው። መንገዳቸውን የሚያውቁት በመዳሰስና በሰው በመመራት ስለሆነ አካላዊ ርቀትን ጠብቁ የሚለው ትእዛዝ ከዕለት ኑሯቸው ጋር ይጋጫል። ሲመሩ የመሪውን ክርን መያዝ የተለመደ ነው። ሆኖም ሰው በክርኑ ላይ እንዲያስልና እንዲያስነጥስ ስለሚመከር፣ በዚህ ጊዜ ትከሻን መያዝ ይሻላል። መሪውም ተመሪውም መሸፈኛ ማድረግ፣ ከጉዞው በኋላም እጃቸውን መታጠብ፣ የነጩን በትር መያዣም ማጽዳት ይኖርባቸዋል። በተራ ሰልፍ ላይ ርቀትን የሚያመለክተው የወለል ቀለም ለዓይነ ስውር አይታይም፤ ሰልፉ መራመዱን የሚነግረው ሰው ያስፈልጋል።

ከ80 በላይ ቋንቋዎች በሚነገሩባት አገር በአንድ ቋንቋ የተለጠፈ ማስታወቂያ ለብዙዎች ግድግዳ ላይ ያለ ሥዕል ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ በተጀመረው መርሐ ግብር የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ከሚያገለግሉት ማኅበረሰብ እንዲመረጡ መደረጉ እዚህ ላይ ጥቅሙ ይታያል። ባለሙያዋ የሰፈሩን ቋንቋ ብቻ ሳይሆን ማን አልጋ ላይ እንደዋለ፣ ማን በሰው ቤት ተቀጥሮ እንደሚሠራ ታውቃለች። በአርብቶ አደር አካባቢ ግን ቤት ለቤት መዞር ብቻውን አይበቃም፤ ትምህርቱ በውኃ መቅጃና በገበያ ቀን፣ በጎሳ መሪዎች አማካይነት ቢሰጥ ይሻላል።

በኮሮና ወረርሽኝ ወቅት ከዐረብ አገራት የተመለሱና ከለይቶ ማቆያ የወጡ ሰዎች በጎረቤት ዘንድ በሽታ እንዳመጡ ሲቆጠሩ ታይቷል። የተገለለ ሰው ምልክቱን ይደብቃል፣ ምርመራንም ይሸሻል። የጤና ባለሙያዎች የማንንም የምርመራ ውጤት ለሌላ ሰው መንገር የለባቸውም፤ ለክትትል ሲሄዱም ቤቱን ለጎረቤት በሚያስታውቅ አኳኋን መሆን የለበትም። የዕድር ዳኞችና የሃይማኖት አባቶች ከበሽታው ያገገመውን ሰው በይፋ ሄደው ቢጠይቁ ከብዙ ማስታወቂያ የበለጠ ይሠራል።

ጤና ጣቢያዎች በየሳምንቱ የመጡትን ተገልጋዮች ይመዘግባሉ። ከዚሁ ጎን ለጎን በቀበሌው እንደሚኖሩ እየታወቀ ያልመጡትን አረጋውያን፣ ነፍሰ ጡሮችና አካል ጉዳተኞች በስም መለየት፣ ያልመጡበትንም ምክንያት እቤታቸው ሄዶ መጠየቅ ይገባል።